ጣና በደቡብ ጎንደር በኩል፦ ለማረፊያ የሚሆነው ዳርቻ የትኛው ነው?

ደቡብ ጎንደር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ደጋውን ነው፤ ደብረ ታቦርን፣ ጋፋትን፣ የጉናን ውርጭ፣ የገብስና የድንች ማሳውን። ዞኑ የሐይቅ ዳርቻ እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ደራ፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም ግን ሦስቱም ጣናን ይነካሉ። የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በአብዛኛው የእነዚህ ሦስት ወረዳዎች ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በቻይና መንገድ ወደ ወረታ የሚወርድ መንገደኛ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከአርባ ኪሎ ሜትር በምትበልጥ ጉዞ ውስጥ ጋቢ የሚያስለብሰው ብርድ በኮት የማያስኬድ ሙቀት ይሆናል። ከወረታ ማዶ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ፀሐይ የማይጠፋበት ሰፊ ውሃ ተዘርግቷል።

ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ መጥቷልም። ባሕር ዳር በደቡቡ ጫፍ በሆቴልና በሪዞርት ተከባለች። ጎርጎራ በሰሜኑ ጫፍ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ተገንብታለች። በመካከል ያለው ምሥራቃዊ ዳርቻስ? እዚያስ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሊያርፍ፣ ልጆቹን ውሃ ዳር ሊያጫውት፣ ሊዋኝ ይችላል? ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ምጽዋና የጉርጉሱም ዳርቻ ለኢትዮጵያዊ የጎረቤት አገር ሆነዋል። ዳር ላይ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ያለው ሐይቅ ብቻ ነው፤ ከሐይቆቻችን ደግሞ ትልቁ ጣና ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የደቡብ ጎንደር የጣና ዳርቻ ሁለት ዓይነት ነው፤ ድንጋያማና ጭቃማ። እንግዳ የሚያርፈው በድንጋያማው ላይ ነው። ጭቃማው የገበሬው፣ የዓሣውና የወፉ ስለሆነ ሆቴል ሊሠራበት አይገባም። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የጣና ዳርቻ ልማት» የሚል ዕቅድ ሁሉ ገንዘብ ያባክናል፤ ሐይቁንም ይጎዳል። እንዲህ የምልበት ምክንያት ከመሬቱ አፈጣጠር ይጀምራል።

እሳት የሠራው ሐይቅ

ይህ አገር ከላይ እስከ ታች የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ደጋውን የተሸከመው የባዛልት ንጣፍ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚወጣው ጉና ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ዕድሜው ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በመንገዱ ዳር ብቻውን ቆሞ የሚያየው ያ ሹል ዓለት፣ በአንድ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የቀዘቀዘ ቅላጭ ድንጋይ ነው፤ ዙሪያው ታጥቦ ሲሄድ እሱ ቀረ። ጣና ደግሞ መሬት በሰጠመበት፣ ሦስት ስምጥ ሸለቆዎች በሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ ተኝቷል። ከሦስቱ አንዱ በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው ነው። በኋላም በደቡብ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ መውጫውን ዘጋውና ውሃው ተጠራቀመ። ጣና እንግዲህ እሳት የገደበው ውሃ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረ የድርቅ ዘመን ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የተወሰደው ደለል ያሳያል። እንዲህ ሰፍቶ እንዲህ የሳሳ ውሃ ለነፋስ፣ ለትነትና ለሰው እጅ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ዳርቻውን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ መታሰብ አለበት።

በዓለም ላይ በፀሐይ ዳርቻቸው የታወቁ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አሉ፤ የካናሪ ደሴቶችን የመሰሉ። ላንዛሮቴ የምትባለው ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 በእሳተ ገሞራ ስትነድድ ኖረች። የላንዛሮቴ ገበሬ መሬቱን ያጠፋበት ጥቁር ድንጋይ ዛሬ የቱሪስት መስሕብ ሆኖለታል። በእነዚያ ደሴቶች የውቅያኖሱ ማዕበል ባዛልቱን ሌት ተቀን እየፈጨ ጥቁር አሸዋ ያደርገዋል። ጣና ላይ ይህ አይሆንም። ድንጋዩ ያው ባዛልት ነው፤ ነገር ግን ሐይቁ የውቅያኖስ ጉልበት የለውም። በእኛ ዝናብና ሙቀት ባዛልት እየበሰበሰ የሚሆነው ዋልካ ነው። አሸዋ ካለም የሚገኘው ከሐይቁ ይልቅ በርብና በጉማራ ወንዞች ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱንም የግንባታ መኪና እየጫነ ይወስደዋል። «ጣና ለምን አሸዋማ ዳርቻ የለውም?» ለሚል መልሱ ይህ ነው።

ቆራጣና ድንጋያማው ዳር

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሐይቁን ተከትለን ስንሄድ በደራ ወረዳ ቆራጣን እናገኛለን። ቆራጣ ከውሃው ከፍ ያለች፣ ዛፍ ያልራቃት፣ ድንጋይ የረገጠች ቦታ ናት። ዛሬ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ቢሆንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጌምድርን ከጎጃም የምታገናኝ የንግድ ከተማ ነበረች። ቡናና እህል በታንኳ ይሻገርባት ነበር። ከዚያም በፊት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አገር ናት። ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592–1642) አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ አልቀበልም ብላ የተነሣች፣ በጣና ዙሪያ የሴቶችና የወንዶች ማኅበራትን የመሠረተች እመቤት ናት። ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 ተጽፏል። አፍሪካዊት ሴት በአፍሪካ ቋንቋ የሕይወት ታሪኳ በዚያ ዘመን ተጽፎላት ማግኘት በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ቆራጣ ሌላ ምንም ባይኖራት ይህ ብቻ እንግዳ ሊያመጣላት በተገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ቆራጣ አስቀመጡት። ራሳቸው ከማዶ ዘጌ ሠፍረው ነበር። ንጉሡ በዚያ ወቅት ከደንገል ተሠርተው በእጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄዱ ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በሐይቁ ላይ ሞክረዋል። የጋፋቱ መድፍ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ የጣናው ጀልባ ግን ተረስቷል። ለዚህ ዳርቻ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ከዚህ ይጀምር ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ሠራዊቱ መካከል ኮሌራ ገባ፤ ሕዝቡም ከሐይቁ ዳር ሸሽቶ ወደ በጌምድር ከፍታ ወጣ። የደጋ ሰው ለሐይቅ ዳር ያለው ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ እንዳልሆነ ይህ ያስታውሰናል። ወደዚሁ ነገር እመለሳለሁ።

ከቆራጣ አካባቢ ውሃው ውስጥ የሚታዩት ደሴቶችም ድንጋያማ ናቸው። ሬማ መድኃኔ ዓለም የወለተ ጴጥሮስ መቃብር የሚገኝባት ናት። ከጉማራ ወንዝ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ጣና ቂርቆስ ገደሉን ይዞ ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሣል። በትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለ800 ዓመት ያረፈችው እዚያ ነው። እነዚህ ቦታዎች የጸሎት ቤቶች ስለሆኑ ለመዝናኛ የሚታሰቡ አይደሉም። በሐይቁ ገዳማት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ሴት አያስገቡም፤ ይህም የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ይከበራል። ነገር ግን የደሴቶቹን ጫካ ስናይ አንድ ነገር እንማራለን። በሐይቁ ዙሪያ ዛፉ ሁሉ ሲጨፈጨፍ ጫካ የቀረው መነኩሴ በጠበቀው ድንጋይ ላይ ነው።

ለማረፊያ የሚሆነው ዳርቻ እንግዲህ ይህ ነው፤ የደራው፣ ቆራጣን መካከል ያደረገው። ውሃው ከመሬቱ ጋር በቁልቁለት ስለሚገናኝ ሐይቁ ሲሞላና ሲጎድል ዳሩ ሩቅ አይሸሽም። ጀልባ መጠጋት ይችላል። ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ የጠዋቱን የረጋ ውሃ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ የሚያስነሣውን ሞገድ ማየት ይችላል። አሸዋ የለም፤ አያስፈልግምም። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴኔሪፌ ላይ ቱሪስት ጥቁሩን አሸዋ አልወደደውም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰሐራ በረሃ በመርከብ ነጭ አሸዋ ተጭኖ ላስ ቴሬሲታስ በሚባለው ዳርቻ ላይ ተደፍቷል። እኛ ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘቡም የለን፤ ቢኖረንም ባይሠራ ይሻላል። የቆራጣ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚያየው ነገር ከማንኛውም የመጣ አሸዋ ይበልጣል።

የጎደለው መንገድና ወደብ ነው። የታወቀው የሐይቁ የመርከብ መሥመር ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ሲሄድ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ በምዕራብ በኩል ያልፋል። ምሥራቁ ከመሥመሩ ውጭ ቀርቷል። የአስፋልቱ መንገድ በሐሙሲት በኩል ሲያልፍ ከሐይቁ ርቆ ነው። የዚያ ዳር ነዋሪ ታሞ ወደ ባሕር ዳር መሻገር ቢፈልግ እንኳ ችግር ነው። ስለዚህ በቆራጣ የሚሠራ አንድ ደህና የጀልባ ማቆሚያ ከቱሪስቱ በፊት ለነዋሪው ይጠቅማል፤ እኔም በዚህ ቅደም ተከተል እንዲታሰብ እፈልጋለሁ።

የፎገራ ጭቃ

ጉማራን አልፈን እስከ ርብ፣ ከርብም እስከ ሊቦ ከምከም ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ይነሣሉ። በየክረምቱ የጉናን አፈር ተሸክመው እየወረዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረግፉታል። ሜዳው ራሱ የተሠራው በዚህ አፈር ነው፤ የርብ አፍም በደለሉ እየገፋ ወደ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። ቱሪስት የሚጠይቀው የውሃው ቡናማ መልክ የመጣውም ከዚሁ ነው። በእኔ እምነት የጣናን ዳርቻ ማልማት የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከጉና ላይ፣ ከእርከንና ከችግኝ ካልጀመረ ምንም አልጀመረም። ጉና ከተራቆተ ጣና ይደፈናል።

በዚህ ሜዳ ላይ ዳርቻ የሚባለው መሥመር በቋሚነት የለም። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። በልዩነቱ የውሃው ከፍታ የሚለወጠው በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆንም መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዳሩ በመቶዎች ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይሸሻል። የሚወጣውን መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ውሃው እግሩን ሲነቅል ተከትሎ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በዚህ መሬት ላይ የባለቤትነት ክርክሩ ብዙ ነው፤ ውሃ ሲሸሽ ማን ቀድሞ ያዘው የሚለው ጠብ ያስነሣል። እዚህ ላይ ሪዞርት የሚያቅድ ባለሀብት ግማሽ ዓመት ውሃ ውስጥ፣ ግማሽ ዓመት በሰው ማሳ ላይ ይሆናል።

የሰው እጅ ደግሞ በዚህ ላይ ተጨምሯል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2001 ሌሎች በሮች ተጨመሩለት። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውሃውን የሚወስደውም ከሐይቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡም አንሶ ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከብ መሄድ አቅቶት ነበር። መብራት ለአገር ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ዳር ላይ የሚሠራ ሁሉ ሐይቁ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በበር ጭምር እንደሚሞላና እንደሚጎድል ማወቅ አለበት። ሲጎድል ገበሬው ይገባበታል፣ ደንገሉ ይቆረጣል፣ ዓሣው መራቢያ ያጣል። በሌላ በኩል በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹና ሐይቁ አብረው ሲሞሉ የፎገራ መንደር በጎርፍ ይዋጣል።

ይህ ጭቃ ግን ሀብታም ነው። ከሐይቁ ትንሽ ገባ ብለው ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ክረምት ውሃ ይቋጥራሉ፤ አምባዛ በጎርፉ ተከትሎ ገብቶ ይራባባቸዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ወፎች፣ ከእነሱም ጋር የእኛው ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬን ይሰማሩባቸዋል። በጉማራና በርብ ደግሞ የጣና ትልልቅ ባርባስ ዓሦች ከነሐሴ ጀምሮ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። እነዚህ ዓሦች ከአንድ ዘር ተነሥተው በዚህ ሐይቅ ውስጥ ወደ አሥራ አምስት ዝርያ የተከፋፈሉ ናቸው፤ እንዲህ ያለ የባርባስ ስብስብ በሌላ ሐይቅ አይታወቅም። ወንዙ አፍ ላይ በዚያ ወቅት መረብ የሚጥል ሰው የሚይዘው የነገውን ዓሣ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን ዙሪያ የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ ሲመዘግብ የተመዘገበው ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ይህ ረግረግም አለበት።

ረግረጉ ግን እየሞተ ነው። የፎገራ ሩዝ በ1970ዎቹ በሻጋና በጅግና አካባቢ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ከተሞከረ ወዲህ ሜዳውን ለውጦታል። ድሮ ጎርፍ የሚያጠፋው መሬት ዛሬ የሚበላ ያበቅላል፤ ወረታም የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ለገበሬው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ወገን ሸሸርና ወላላ በፓምፕ እየተሳቡ፣ እየታረሱ ጠበዋል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የግጦሽ መሬቷን አጥታለች። በ2004 ዓ.ም. መባቻ በሰሜኑ ዳር የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም ደግሞ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ወርዶ ዳሩን አረንጓዴ ምንጣፍ አለበሰው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ከየአቅጣጫው ሕዝብ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው አየን። ያ ትብብር የሚያኮራ ነበር። ሆኖም እምቦጭ የሚበላው ማዳበሪያውንና የከተማውን ፍሳሽ ስለሆነ፣ እነዚያ እስካልቆሙ ድረስ ይመለሳል፤ ተመልሷልም።

ጭቃማው ዳር ታዲያ እንግዳ አይየው ማለቴ አይደለም። ክሬኖቹን ለማየት የሚመጣ ሰው በጥር ጠዋት ከወረታ ተነሥቶ፣ ከአካባቢው ወጣት መሪ ይዞ፣ ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው መመልከቻ ማማና የሠለጠነ አስጎብኚ ነው። ሲሚንቶ አያስፈልገውም።

ውሃው ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ደጋው ሰው ፍርሃት። ዳርቻን ለመዝናኛ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ይህን አልፎ ሲሄድ ያሳዝነኛል፤ የሚጎዳው የሚያነበው ሰው ነውና። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚያድገው በረጋና ሣር ባለበት ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ሰው የሚገባው ውሃ ውስጥ ሳለ በቆዳ በኩል ነው። ወደ ውሃው የሚመለሰው ደግሞ ሜዳ ላይ በተጸዳዳ ሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት የሌለው ዳርቻ ለዋና አይሆንም፤ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ከድንጋያማው ዳር በጀልባ ወጥቶ ጥልቅ ውሃ ላይ የሚዋኝ ሰው አደጋው ይቀንስለታል፤ ደንገልና እምቦጭ ባለበት ዳር የሚንቦጫረቅ ልጅ ግን ይያዛል። ለበሽታው መድኃኒት አለ፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። በሐይቁ የዋኘ ሁሉ ከሳምንታት በኋላ ቢመረመር ደግ ነው።

ወባ በሜዳው ላይ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጠነክራል፤ አጎበር ሳይዙ እዚያ ማደር አይገባም። በሊቦ ከምከም እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር የሚባለው በሽታ ብዙ ሰው ገድሎ መታወቁም የሚረሳ አይደለም። ጉማሬው ደግሞ በደንገሉ ውስጥ ቀን ተኝቶ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ የሩዝ ገበሬው ጠላት አድርጎ ያየዋል። በመሸ ጊዜ በዳርቻ በእግር መሄድ ለእንግዳ የሚመከር አይደለም።

ስለ ዋና ለማነጻጸር የላንጋኖን ሐይቅ ላንሣ። ውሃው እንደ ጣና ቡናማ ሲሆን ቢልሃርዝያ ግን የለበትም፤ አሸዋማ ዳርም አለው። ከበቀለ ሞላ ሆቴል ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ጣና በዋና ከላንጋኖ ጋር አይወዳደርም፤ መወዳደርም የለበትም። ይልቅ ወንጪን ቢመስል ይሻለዋል። የወንጪ ሐይቅ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ነው። እንግዳ የሚሄደው በአብዛኛው ለመዋኘት አይደለም፤ በገበሬው ፈረስ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ደሴቱን ተሳልሞ ለመመለስ ነው። ገንዘቡ በባለፈረሱና በባለጀልባው እጅ መግባቱ የዚያ ቦታ ጥንካሬ ነበር።

ሕዝቡ የሚያርፍበት

እስካሁን የተናገርኩት ከውጭ ስለሚመጣ እንግዳ ነው። የደቡብ ጎንደር ሰው ራሱስ የት ያርፋል? ይህን የሚጠይቅ የቱሪዝም ዕቅድ ብዙ አላየሁም። መልሱ ግን በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ አለ፤ ዋንዛዬ ፍል ውሃ። እሳተ ገሞራው ጠፋ ይባል እንጂ ከምድር ውስጥ ያለው ሙቀት እዚያ አሁንም ውሃ ያፈላል። ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ወገቡን ያመመው፣ ቆዳው ያስቸገረው፣ መገጣጠሚያው የያዘው ሰው ስንቁን ይዞ ይወርዳል። በሰው ቤት ተከራይቶ ወይም ጎጆ ቀልሶ ቀናት ይከርማል፤ በቀን ደጋግሞ ይታጠባል። ከጎረቤት ጋር ይተዋወቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ዝምድና ይያዛል። ጠበል ለሆነለት ጠበል ነው፤ ፍል ውሃ ለሆነለትም ፍል ውሃ ነው።

እኔ ይህን ከማናቸውም ሪዞርት አብልጬ እመለከተዋለሁ። ማንም ሳያስተዋውቀው፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ድሃው በራሱ ገንዘብ ዕረፍቱን የሚያርፍበት ቦታ ነውና። ዋንዛዬ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ለወንድና ለሴት የተለየ ንጹሕ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ክረምት የማያቋርጠው መንገድ። ፈላጊው አለ፤ ልማዱም አለ። ዞኑ ከበጀቱ ቆርጦ ለባዕድ የሚሆን ሎጅ ከማሠራቱ በፊት እዚህ ላይ ዕዳ አለበት። አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፤ ሲታደስ አጥር ታጥሮ ዋጋው ድሃውን እንዳያስወጣው። በሌላ አገርም በእኛም አገር ፍል ውሃ «ሲዘመን» መጀመሪያ የሚባረረው ከጥንት ጀምሮ ይታጠብበት የነበረው ሰው ነው።

ዋንዛዬንና ቆራጣን ያገናኘ ጉዞ ቢታሰብ ደግሞ ደብረ ታቦርን ማስገባት ይቻላል። በነሐሴ 13 የቡሄ (የደብረ ታቦር) በዓል ስሙን ከያዘችው ከተማ የተሻለ የሚከበርበት የት ነው? ጋፋትን አይቶ፣ ጉና ላይ ጅብራና አስታ መካከል ተጉዞ፣ በፎገራ የአውራምባን ማኅበረሰብ ጎብኝቶ፣ ዋንዛዬ ታጥቦ ቆራጣ ላይ ዓሣ የሚበላ እንግዳ እሳተ ገሞራ የሠራውን አገር ከራሱ እስከ እግሩ ያያል። እንዲህ ያለ ጉዞ በሌላ ዞን አይገኝም። ቡሄ በክረምት ስለሚውል ግን ጭቃውና ደመናው አለ፤ ፀሐይ የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት በኋላ ይምጣ።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በተደረገው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ ተዘግቷል፣ እንግዳ ቀርቷል፣ ጀልባው ቆሟል። አስጎብኚው፣ ባለጀልባው፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠራው የወይጦ ሰው ከማንም በፊት ተርበዋል። ጠብመንጃ ባለበት ዳር ላይ ማረፊያ ስለመሥራት መጻፍ ለአንዳንዱ ከንቱ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የሚሠራው ሥራ ዕቅዱ በክፉ ቀን ካልታሰበ፣ ሰላም በመጣ ማግስት በቅድሚያ የሚደርሰው መሬት ለመያዝ የሚሮጠው ሰው ነው ብዬ እሰጋለሁ። ያኔ የሚያዘው ደግሞ ለመያዝ የሚቀለው፣ ጠፍጣፋውና ጭቃማው ዳር ነው።

ስለዚህ ለዞኑና ለሦስቱ ወረዳዎች የምለው ይህ ነው። ሸሸርና ወላላ፣ የጉማራና የርብ አፍ፣ ባሕር ሸሹ መሬት ለሆቴልም ሆነ ለሌላ ግንባታ እንዳይሰጡ ዛሬ በደንብ ይወሰን። ቆራጣ ላይ የጀልባ ማቆሚያ፣ መጸዳጃ ቤትና ጤና ጣቢያ ይቅደም፤ እንግዳ ማረፊያው ከዚያ በኋላ በአካባቢው ሰው ማኅበር እጅ ይሠራ። የዋንዛዬ ውሃ ለድሃው ክፍት ሆኖ ይታደስ። ከርብና ከጉማራ የሚጫነው አሸዋ ልክ ይበጅለት፤ ጉና ላይ የሚሠራው እርከን የጣና ሥራ ተብሎ ይቆጠር። የአካባቢው ተወላጅ ሆናችሁ በውጭ የምትኖሩም፣ አገር ቤት ገንዘብ ለማፍሰስ ካሰባችሁ፣ መሬት ከመጠየቃችሁ በፊት በግንቦት ወር አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር ደግሞ አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ዳሩን እዩት። በሁለቱም ወር ውሃው ያልሸሸበትን ቦታ ምረጡ።